ልጁ እምቢ ማለት ይችላል ወይ?

ይህ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ስለሚሰጥ ቴራፒ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለቴራፒስቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሡት ጥያቄዎችም ሁለቱን ጨምሬያለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ ልጆቹ ቢነሡም ቢጮሁም ቢሮጡም ይቅርታ አትጠይቁ። ከኋላ በስተግራ ያለችውን ክፍል መብራቷን ቀነስ አድርገናል። ጆሮውን ማሳረፍ የፈለገ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ይግባ።

ስለ ቢሄቪየር ቴራፒ፣ ማለትም ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች በሽልማት እያለማመዱ ስለማስተማር፣ እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። ብዙዎቻችሁ ኤቢኤ በሚለው አጭር ስሙ ታውቁታላችሁ። በልዩ ፍላጎት መምህርነት ስሠራ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ስለዚሁ ነው። በቅርቡ ስድስት ኪሎ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን አንዲት እናት ስልኳን አውጥታ ሁለት ቪዲዮ አሳየችኝ። በአንደኛው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ኤቢኤ በሳይንስ የተረጋገጠ ብቸኛው መፍትሔ ነው ይላል። በሌላኛው ራሷ ኦቲስቲክ የሆነች፣ ማለትም ኦቲዝም ያለባት፣ ወጣት በልጅነቷ ቴራፒው ምን እንዳደረጋት መናገር ትጀምርና እያለቀሰች ትጨርሳለች። እናትየው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ "እኔ እንግዲህ ማንን ልመን?" አለችኝ።

የዛሬው ንግግሬ ለሷ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። መልሱን አላቆይባችሁም። የቴራፒውን ስም ለጊዜው ተዉትና አንድ ነገር ጠይቁ፦ እዚያ ክፍል ውስጥ ልጁ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? እምቢ ሲልስ የሚሰማው አለ? ለኔ የክርክሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ካላወቅን ሰዎቹ ለምን እንደሚጣሉ አይገባንም። ኦቲዝም በሕክምናው ዓለም በስፋት እንዲታወቅ ያደረገው ሊዮ ካነር የሚባል የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ስላያቸው 11 ልጆች ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ብዙ ሐኪሞች ጥፋቱን እናት ላይ ጣሉት። ልጇን ፍቅር የነፈገች፣ እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘች እናት ናት ተባለ። ይህን ሐሳብ ካራገቡት አንዱ ስለ ልጆች ሥነ ልቦና ይጽፍ የነበረው ብሩኖ ቤተልሃይም ነው። በርናርድ ሪምላንድ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ እሱ ራሱ የኦቲስቲክ ልጅ አባት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነገሩ ከአንጎል አፈጣጠር እንጂ ከእናት አስተዳደግ አይደለም ብሎ በጽሑፍ ሞገተ። ያ ወሬ መፍረስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። "ምን ኃጢአት ሠርተሽ ነው?" "እርጉዝ ሆነሽ ምን ረግጠሽ ነው?" የተባላችሁ እናቶች እዚህ አላችሁ። ፈረንጆቹም ያንኑ ጥያቄ በሆስፒታል ቋንቋ ሲጠይቁ ኖረዋል። እነዚያ እናቶች ምንም አላደረጉም። እናንተም ምንም አላደረጋችሁም።

እንግዲህ ኤቢኤን ለኦቲስቲክ ልጆች በስፋት ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ባለሙያ ኢቫር ሎቫስ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ኖርዌይ ተወልዶ ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ያኔ ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ተስፋ ተቆርጦባቸው ተቋም ውስጥ ይዘጋባቸዋል። ሎቫስ "እነዚህ ልጆች መማር ይችላሉ" አለ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፣ ሊመሰገንበትም ይገባል። መንገዱን የወሰደው ከአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ከቢ.ኤፍ. ስኪነር ነው፦ ሽልማት የተከተለው ድርጊት ይደጋገማል፣ ያልተከተለው ይከስማል። ክህሎቱን ወደ ትንንሽ ደረጃ ቆራርጦ፣ እያንዳንዷን ደረጃ ደጋግሞ እያለማመደ፣ በእያንዳንዷ ላይ እየሸለመ ማስተማር።

ግን ሽልማት ብቻ አልነበረም። በ1960ዎቹ ጥፊም ነበር፣ ጩኸትም ነበር፣ የኤሌክትሪክ ንዝረትም ነበር። በድብቅ የተሠራ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 ላይፍ የሚባለው ታዋቂ መጽሔት በፎቶ አስደግፎ አውጥቶታል። ሎቫስ ስሙን የተከለበት የ1987 ጥናት ላይ እንኳን፣ ልጁ ሲያጠፋ ጮክ ያለ "አይሆንም!" እና አልፎ አልፎ ጭን ላይ መምታት የሕክምናው አካል ነበር።

ስለዚያ ጥናት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ዛሬም ድረስ ማስታወቂያ ላይ የሚጠቀሰው እሱ ነው። 19 ትንንሽ ልጆች በሳምንት 40 ሰዓት ቴራፒ አገኙ። ከነሱ 9ኙ መደበኛ ክፍል ገብተው፣ የአእምሮ ፈተናቸውም ከእኩዮቻቸው ተስተካከለ ተባለ። ግማሽ ሊሞላ ትንሽ ቀረው ማለት ነው። ወላጅ ይህን ሰምቶ እንዴት ዝም ይላል? ችግሩ ልጆቹ ይህን ቴራፒ ወደሚያገኘው ቡድንና ለማነጻጸሪያ ወደተያዘው ቡድን የተመደቡት በዕጣ አለመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከቴራፒው ይምጣ ከልጆቹ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ደግሞ 40 ሰዓትን እንደ ቁጥር ብቻ አትዩት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ከሚቀመጥበት ሰዓት ጋር ይቀራረባል። የሦስት ዓመት ሕፃን ነው እንግዲህ። መቼ ይጫወታል? መቼ ይተኛል? ከአያቱ ጉያ የሚገባው መቼ ነው?

ከዚያ ወዲህስ ምን ተገኘ? እ.ኤ.አ. በ2018 ኮክሬን የሚባለው፣ የሕክምና ማስረጃ በመመዘን የሚታወቀው ተቋም፣ በዚህ ዓይነት የተጠናከረ ቴራፒ ላይ ያገኘው መስፈርቱን የሚያሟላ ጥናት 5 ብቻ ነው። ልጆቹ በድምሩ 219 ናቸው። ከ5ቱ በዕጣ የመደበው አንዱ ብቻ ነው። የተወሰነ መሻሻል ታይቷል፣ ማስረጃው ግን ደካማ ነው አሉ። በ2020 የወጣ ሌላ ሰፊ ግምገማ በልጆች ላይ የተደረጉ የተለያዩ የኦቲዝም ቴራፒ ጥናቶችን፣ ወደ 150 የሚሆኑትን፣ አንድ ላይ አየ። መመዘኛውን ጠበቅ ባደረጉት ቁጥር ጥሩ የተባለው ውጤት እየሳሳ ሄደ። ሻል ብለው የቆዩት በጨዋታ መሀል፣ ልጁ የያዘውን ተከትለው የሚያስተምሩት ናቸው። ስለዚህ "ብቸኛው የተረጋገጠ" የሚላችሁ ሰው ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው።

በሌላው በኩልም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣና ብዙ የሚጠቀስ አንድ ጥናት ኤቢኤ ካገኙት መካከል ግማሽ የሚጠጉት የአእምሮ ቁስለት ምልክት አላቸው ይላል። 460 ሰው በኢንተርኔት መጠይቅ ሞልቶ የተገኘ ነው። እንዲህ ዓይነት መጠይቅ ላይ የሚሳተፈው በጉዳዩ የተነካ ሰው ይበዛል። ስለዚህ ያንን ቁጥር ይዞ የሚያስደነግጣችሁንም ሰው አትቸኩሉለት። ቁጥሩ ደካማ መሆኑ ግን ጉዳቱ የለም ማለት አይደለም። ኋላ ላይ ተመራማሪዎች ሲፈትሹ፣ አብዛኞቹ የቴራፒ ጥናቶች ልጆቹ ላይ ጉዳት ደርሶ እንደሆነ ጨርሶ እንዳልመዘገቡ ታውቋል። ካልጠየቁ እንዴት ያገኙታል?

የጠየቁት ኦቲስቲክ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ጂም ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1993 ቶሮንቶ ላይ ወላጆች በተሰበሰቡበት ፊት ቆመው ልጃችሁ አልሞተምና አታልቅሱለት የሚል መልእክት አስተላለፉ። ካናዳዊቷ ሚሼል ዳውሰን በ2004 አገራቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። ጉዳዩ መንግሥት የኤቢኤ ወጪ እንዲሸፍን ወላጆች የከፈቱት ክስ ነበር። እሳቸው ኦቲስቲክ እንደመሆናቸው ጣልቃ ገብተው ስለኛ ስትከራከሩ እኛን ማን ጠየቀን አሉ። ፍርድ ቤቱም መንግሥት የመክፈል ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ የለበትም ብሎ ወሰነ። በ2006 ደግሞ ኦቲስቲክ ሰዎች ራሳቸው የሚመሩት ድርጅት አሜሪካ ውስጥ ተመሠረተ።

የሚሉት ምንድነው? ዋናው ክሳቸው ስለ ግቡ ነው። የተለማመድነው ኑሯችን እንዲቀልልን ሳይሆን እናንተን እንድንመስል ነው ይላሉ። እጃችንን ስናርገበግብ ያዛችሁን፣ ጆሯችንን ስንደፍን እጃችንን አወረዳችሁት። እኛም መደበቅ ተማርን። ኦቲዝምን ደብቆ መኖር ከከባድ ድካም፣ ከጭንቀትና ራስን ለማጥፋት ከማሰብ ጋር አብሮ እንደሚታይ በጥናትም ተደግሟል። ይህን ሰምቶ እንዳልሰማ ማለፍ አይቻልም።

የኤሌክትሪኩ ነገርስ ቀረ ወይ የሚል ካለ፣ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ማሳቹሴትስ ውስጥ ጃጅ ሮተንበርግ የሚባል ማዕከል ተማሪዎች ሰውነታቸው ላይ በሚታሠር መሣሪያ ንዝረት ይሰጣቸው ነበር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 አገደው። በ2021 ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረ። በ2022 መጨረሻ ምክር ቤቱ ለአስተዳደሩ ሥልጣን የሚሰጥ ሕግ አወጣ፣ በ2024 አዲስ እገዳ ቀረበ። ሩቅ ታሪክ አይደለም፣ የትናንት ነው። ይህን ስል ግን ዛሬ ኤቢኤ የሚሠራውን ሰው ሁሉ ከዚያ ማዕከል ጋር አንድ ላይ መጨፍለቄ አይደለም። ያንን ማዕከል የሚያወግዙ የኤቢኤ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ልጅ ወድደው፣ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እየተጫወቱ የሚሠሩ ቴራፒስቶች አውቃለሁ። ከነሱ ጥቂቶቹ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደኛ ልምጣ።

እዚሁ ከተማ ውስጥ ያየሁትን አንድ ክፍለ ጊዜ ልንገራችሁ። ልጁ አምስት ዓመት ገደማ ነው። ትንሽዬ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ግድግዳ፣ ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቴራፒስቷ። ሲገባ እጁ ላይ የለስላሳ ቆርኪ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ እያሽከረከረ ጥርሱ ደጅ እስኪሆን ይስቃል። ቆርኪውን ወሰደችበት። አንዲት ቺፕስ አንሥታ ከዓይኗ አጠገብ ያዘችና "እየኝ" አለች። ልጁ ቆርኪውን አየ። "እየኝ።" በር በሩን አየ። አገጩን በጣቷ ቀና አደረገችው። "እየኝ።" ለአንዲት ቅጽበት ዓይኗን አየ። "ጎበዝ!" ቺፕሷ ተሰጠው፣ ቆርኪውም ለትንሽ ጊዜ ተመለሰለትና እንደገና ተወሰደ። ወረቀቱ ላይ የ"ትክክል" ምልክት ገባ። እንደገና "እየኝ።" ልጁ ማልቀስ ሲጀምር አልቆመችም፣ ካቆምኩ ማልቀስ እንደሚያዋጣ ይማራል ተብላ ነው የተማረችው። ክፉ ሰው አልነበረችም። የተሰጣትን ነው የምትሠራው።

አንድ ነገር አስቡልኝ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ አንገቱን ሰበር ያደርጋል። ትልቅ ሰው ላይ ዓይኑን ያፈጠጠ ልጅ ቁጣ ነው የሚጠብቀው። አያቶቻችሁን አስታውሱ። ታዲያ ይህ ልጅ ሌላ ልጅ ቢሆን ኖሮ ጨዋ የሚያሰኘውን ነገር እንዲተው ነው በክፍያ የሚለማመደው። ለምን? ልምምዱ የተጻፈበት አገር ዓይን ለዓይን መተያየት የማዳመጥ ምልክት ስለሆነ። ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ዓይን ማየት ያስጨንቀናል፣ እያየን መስማት አንችልም ይላሉ። እኛ ደግሞ ባህላችን እንኳን የማይፈልገውን ነገር ቆርኪ ነጥቀን እናስተምራለን። አዲስ አበባ ውስጥ የዓይን ልምምድ የሚሰጥ ቦታ ሁሉ ይህን ቆም ብሎ እንዲያስበው እለምናለሁ።

ሌላ ልጅ ልጨምር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ በአፉ አይናገርም። ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ ይመታል፣ ሳምንት ሙሉ። የክትትል ወረቀቱ ላይ ምክንያቱ "ትኩረት ፍለጋ" ተብሎ ተሞልቷል። መመሪያውም ሲመታ ዞር ብላችሁ አትዩት የሚል ነው። አያቱ ሊወስዱት መጥተው፣ አቀፉትና ጆሮውን አሸተቱት። "ይሄ ልጅ ጆሮው መግሏል" አሉ። ጤና ጣቢያ ተወሰደ፣ እውነትም መግሏል። መድኃኒቱን ጀመረ፣ መምታቱም ቀረ። በደንብ የተማረ የኤቢኤ ባለሙያ መጀመሪያ ሕመም አለመሆኑን አጣሩ ነው የሚለው። መጽሐፋቸውም ላይ አለ። ግን ሥልጠናው ሲቆራረጥና ሲያጥር የሚቀረው ወረቀቱ ነው፣ የሚጠፋው ማጣራቱ ነው። ከባለሙያው ሥር ሆኖ ቀኑን ሙሉ ከልጁ ጋር የሚቀመጠው ቴክኒሻን አሜሪካ ውስጥ እንኳን የሚጠየቀው መነሻ ሥልጠና 40 ሰዓት ነው። ዋናውን ሰርተፍኬት የሚሰጠው የአሜሪካ ቦርድ ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከጥቂት አገሮች በስተቀር የውጭ አመልካች መቀበል አቁሟል። እንግዲህ እዚህ ኤቢኤ እንሰጣለን የሚል ቦታ ሲገጥማችሁ ማን አሠለጠናችሁ፣ ማንስ ይቆጣጠራችኋል ብላችሁ ብትጠይቁ ድፍረት አይደለም።

እዚህ ላይ እናቶቹ ምን እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። "አንተ ቲዎሪ ታወራለህ፣ ልጄ መኪና መንገድ ውስጥ ይገባል።" እውነት ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የልጇን እጅ ለቅጽበት የለቀቀች እናት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ታክሲ ውስጥ ልጁ ሲጮህ "ውረዱ" ተብላችኋል። ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ራሱን ካልቻለ አንመዘግብም ብሎ መልሷችኋል። ሥራ የለቀቃችሁ አላችሁ። ትዳር የፈረሰባችሁ አላችሁ። በዚህ ከተማ ውስጥ በር ተዘግቶበት፣ አንዳንዱም ታሥሮ የሚውል ልጅ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አሜሪካኖቹ የሚከራከሩት ይህን ቴራፒ ወይስ ያንን ቴራፒ ብለው ነው። እዚህ ለብዙው ቤተሰብ ምርጫው አንድ ነገር ማግኘት ወይም ምንም አለማግኘት ነው። ስለዚህ ኤቢኤን በጅምላ አውግዤ ብሄድ እናንተን ባዶ እጃችሁን ትቻችሁ መሄዴ ነው።

ደግሞም ከዚያ ትምህርት የሚጠቅም ነገር አለ። እጅ መታጠብን ወደ ትንንሽ ደረጃ ከፋፍሎ፣ ከቧንቧው በላይ በሥዕል ለጥፎ፣ አንዱን ሲይዝ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሠራል። ሽንት ቤትን እንደዚያ አስተምረናል። ልጁ ለምን እንደሚናከስ ከመናከሱ በፊት ምን እንደተፈጠረ መዝግቦ መፈለግ ይሠራል። የጄኔሬተር ድምፅ ሆኖ አግኝተነዋል። እነዚህን አልጥልም። የምጥለው ልጁን መስማት ያቆመውን ክፍል ነው።

እምቢታን እንዴት እንደምናስተምር ላሳያችሁ። ይህችን ካርድ ያዙልኝ። ቀይ መዳፍ ነው፣ ከሥሩ "በቃ" ተብሎ ተጽፏል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረን፣ ይናከሳል። የሁለት መምህራን ክንድ ላይ ምልክት አለ። ካርዷን ኪሱ ውስጥ አደረግንለት። ሥራ ሲሰጠው ፊቱ ሲለወጥ እጁን ይዘን ካርዷን አሳየነው፣ ወዲያው ሥራውን አነሣንለት። ሲገባው ቀኑን ሙሉ አሳየን። ለእርሳስ በቃ፣ ለመዝሙር በቃ፣ ለምሳ በቃ። አንዷ ባልደረባዬ "ይኸው አጠፋነው" አለች። ካርዷን አልነጠቅነውም። ሰንብቶ ማሳየቱን ቀነሰ። ሁልጊዜ እንደሚሰራለት አረጋግጧላ። መናከሱም አብሮ ሄደ፣ ምክንያቱም ሲናከስ የነበረው የሚሰማ ጠፍቶ ነው። አሁን ካርዷን አሳይቶ ጥግ ሄዶ ይቀመጥና ራሱ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ይህን ያልተማረ ልጅ ምን እንደሚገጥመው በግልጽ ልናገር። ዓመታት ሙሉ ትልቅ ሰው ያለውን ሁሉ ማድረግ ብቻ የተሸለመ ልጅ፣ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው "ና" ሲለው ይሄዳል። "ልብስህን አውልቅ" ሲለው ያወልቃል። አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ ለጾታዊ ጥቃት የተጋለጡ መሆናቸው የታወቀ ነው። መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ መጥቶ አይነግራችሁም። ታዛዥ ልጅ አወጣን ብለን ስንደሰት መከላከያውን ነጥቀነው እንዳይሆን።

በአገራችን ያለውን ጥሩ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም። አሁን በሕይወት የሌሉት ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ይዘው የትም መግባት ሲያቅታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቋሙ። የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ከዚያ ወጣ። በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው "ይህ ልጄ ነው" ሲሉ ስንት እናት በሯን እንደከፈተች የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የራሳችንን ፊደል ይዘው አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም ቀምረዋል። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም በወላጅ ጥረት የተወለደ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለው፣ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት። ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ውድ ባለሙያ አይጠይቅም። ወላጁ በጨዋታና በቤት ሥራ መሀል ከልጁ ጋር መግባባትን ይማራል። ለኛ አቅም የሚስማማው፣ ማስረጃውም ወደሚያመለክተው የሚቀርበው፣ ይህ ዓይነቱ ነው ባይ ነኝ። የቀበሌ ጤና ኤክስቴንሽን ድረስ ቢወርድ ብዙ ቤት ይደርሳል። በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ያጸደቅነው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም ልጆች ስለራሳቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽ መብት አላቸው ይላል። ካርድም ሐሳብ መግለጫ ነው።

ወደ አንድ ቦታ ልጃችሁን ልታስገቡ ስትሉ መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ አስገቡኝ፣ ቁጭ ብዬ ልይ በሉ። ወላጅ አይገባም የሚል ቦታ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። የዚህ ወር ግቡ ምንድነው ብላችሁ ጠይቁ። "እጁን ማርገብገብ ማስቆም" ካሏችሁ ማንን ጎዳ በሉ። "ውኃ ሲጠማው እንዲጠይቅ" ካሏችሁ ያ ግብ ነው። ሲያለቅስ ምን ታደርጋላችሁ በሉ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ካልተናገረስ በምን ይግባባል? ካርድ አለ? ስልክ ላይ ሥዕል አለ? ካርድ ማውራት ያስቀራል የሚባለውን አትስሙ፣ አያስቀርም። ማታ ቤት ሲመጣ ደግሞ ልጁን እዩት። ጠዋት ቦርሳውን ሲያይ የሚደበቅ ልጅ እየነገራችሁ ነው።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር ብያለሁ።

አንድ አባት ተነሥተው "እኛ አገር ልጅ በሥርዓት ነው የሚያድገው። እምቢ ማለት ካስተማርነው ነገ መድኃኒቱንም እምቢ ይላል፣ እናቱንም እምቢ ይላል" አሉ። እንዲህ መለስኩላቸው፦ አባባ፣ እውነትዎን ነው፣ እምቢ ሊባልባቸው የማይገቡ ነገሮች አሉ። መድኃኒት፣ መኪና መንገድ፣ እሳት። ቁጭ ብለው ቢዘረዝሯቸው ጥቂት ናቸው። በነሱ ላይ ቀድመው ይንገሩት፣ በሥዕል ያሳዩት፣ ምርጫ ይስጡት። ክኒኑን በውኃ ነው በጁስ? አሁን ነው ከካርቱኑ በኋላ? ሌላውን፣ ያንን ሁሉ ሌላውን፣ ይልቀቁለት። ማቀፍ ካልፈለገ አጎቱም ቢሆን አያቅፈው። ቀይ ሹራቡን ካልወደደ ሰማያዊውን ይልበስ። በትንሹ ነገር እምቢታው የተሰማለት ልጅ በትልቁ ነገር ያምንዎታል። ይህ ደግሞ ለኦቲስቲክ ልጅ ብቻ የሚሠራ አይደለም። እሳቸውም "ሴት ልጄም እንዲህ ናት" ብለው ተቀመጡ።

አንዲት እናት ደግሞ ቀስ ብላ "የኔ 17 ዓመቱ ነው። አይናገርም። አልረፈደም?" አለች። አልረፈደም፣ እህቴ። በዚህ ዕድሜ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ቴራፒ አትፈልጊለት። ቤት ውስጥ ያለውን ሥራ አካፍይው፦ ልብስ ማስጣት፣ ሽንኩርት መላጥ፣ ሱቅ ሄዶ በወረቀት የተጻፈውን ሰጥቶ ዳቦ ይዞ መምጣት። መጀመሪያ አብረሽው ትሄጃለሽ፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ከኋላው፣ ከዚያ በር ላይ ቆመሽ። ባለሱቁን አስተዋውቂው። የ"በቃ" ካርዷን ከሁሉ በፊት ስጪው፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ የነበረው ምርጫ መጮህ ብቻ ነው። ካርዶቹን አትመን በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠናል። የእንስሳ ሥዕል ያለባቸው ለሕፃናት የተሠሩ ናቸው፣ እነሱን አትውሰጂ። በስተቀኝ ያሉት ባለ ጽሑፎቹ፣ ኪስ የሚገቡት፣ ለትልልቆቹ ናቸው። ሁለት ሁለት ውሰጂ፣ አንዱ ይጠፋል።